«አለ ወይ?» — ስለ ማኅደርና ስለ ቅደም ተከተል

በሀገራችን ወግ ሥራ ሁሉ በጥያቄ ይጀመራል። እንግዳ ከደጃፍ ሲደርስ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል እንጂ ዘው ብሎ አይገባም። ቤቱ ባዶ መሆኑ፣ ባለቤቱ መኖሩ፣ ውሻው መታሰሩ የሚታወቀው ከዚያች አንዲት ጥሪ መልስ ነው። ገበሬውም አውድማውን ሳይለቀልቅ ነዶ አይበትንም፤ ጎተራውን ሳያቆም እህሉን አያስገባም። «አለ ወይ?» እና «የትኛው ይቀድማል?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች የሰው ልጅ ሥራ ሁሉ ሁለት ምሰሶዎች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ላወጋችሁ የወደድሁት እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በኮምፒዩተር ዓለም ስላሳለፉት ታሪክና ዞሮ ዞሮ የእኛን ፊደል ስለ ነኩበት መንገድ ነው። ነገሩ ሲሰሙት የባለሙያዎች ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ ሥነ ጽሑፍን የሚወድ ሰው፣ ጽሑፉ የሚያድርበት ቤት ጉዳይም ያገባዋል።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ ልናገር። በኮምፒዩተር ውስጥ ፋይሎች የሚቀመጡበትን ቦታ ብዙዎቻችን «ፎልደር» እንለዋለን። እኔ በዚህ ጽሑፍ «ማኅደር» እለዋለሁ። ቃሉ «ኀደረ» ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ ነው፤ ማደሪያ ማለት ነው። አባቶቻችን የብራና መጽሐፍ የሚከተትበትን የቆዳ ከረጢትም ማኅደር ብለውታል። በኮምፒዩተር ማኅደር በማኅደር ውስጥ ይገባል። አንድ ሰው የአካባቢውን ግጥሞች ሊሰበስብ ቢነሣ «አዊ» የሚል ማኅደር፣ በአዊ ውስጥ «ባንጃ»፣ በባንጃ ውስጥ «ዘንገና»፣ በዘንገናም ውስጥ «ግጥም» የሚል ሊያበጅ ይችላል። ባንጃ ሳይኖር ግን ዘንገናን ላብጅ ቢል ማሽኑ «እንዲህ ያለ ማኅደር የለም» ብሎ ይመልሰዋል። በምድሩም ላይ ቢሆን እውነቱ ይኸው ነው፤ የዘንገና ሐይቅ የተኛው እሳተ ገሞራ ባበጀው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጉድጓዱ ቀደመ፣ ውኃው ተከተለ።

«ስክሪፕት» የሚባለው ደግሞ ለማሽኑ ሥራን በየተራው የሚያዝ የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። አንድ ሶፍትዌር ከመቶና ከሺሕ ፋይሎች ተገጣጥሞ ሲሠራ፣ የትኛው ከየትኛው በፊት እንደሚዘጋጅ የሚወስነው ይህ ጽሑፍ ነው።

*

ይህ ዓይነቱ ሥርዓት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቁም ጸሐፊውን እናስታውስ። ቆዳው ይነከራል፣ ይወጠራል፣ ይፋቃል። ብራናው ይታጠፋል፤ ዳሩ በወስፌ ይበሳል፤ ከብስ እስከ ብስ መስመር ይሰመርበታል። ብርዑ ቀለም የሚነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቅዱሳት ስሞች በቀይ ቀለም ስለሚጻፉ፣ ጥቁሩ ሲጻፍ ለቀዩ ቦታ ይተውለታል። በብዙ መጻሕፍት ጥራዞቹ እንዳይቀያየሩ በየጥራዙ ራስ ላይ ቁጥር ይደረጋል። መጠረዝና በቆዳ መለበጥ መጨረሻ ይመጣሉ። ከእነዚህ አንዱ ከቦታው ቢዛነፍ መጽሐፉ መጽሐፍ አይሆንም። ሳይሰመር የተጻፈ ብራና ይንሻፈፋል፤ ጥራዙ ሳይቆጠር የተሰፋም ሐሳቡ ይቆራረጣል።

ወደ ማሽኑ ዓለም እንሻገር። እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ቤል ላብስ በተባለው የምርምር ተቋም ስቱዋርት ፌልድማን የሚባል ባለሙያ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ስቲቭ ጆንሰን የተባለው የሥራ ባልደረባው እየተማረረ መጣ። ስሕተት አለበት ያለውን ፕሮግራም ሲመረምር ረፋዱን ሙሉ አሳልፏል፤ ስሕተቱ ግን አስቀድሞ ታርሟል። ችግሩ የታረመው ጽሑፍ እንደ ገና ወደ ማሽን ቋንቋ ሳይለወጥ በመቅረቱ፣ ሲሮጥ የቆየው አሮጌው መሆኑ ነበር። ፌልድማንም ባለፈው ምሽት ተመሳሳይ ጣጣ ገጥሞት ስለ ነበር፣ በአንድ የዕረፍት ቀን «ሜክ» የተባለውን መሣሪያ ጻፈ። ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2003 ኤሲኤም የተባለው የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ማኅበር የሶፍትዌር ሽልማቱን ሰጥቶታል።

የሜክ ጥበብ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው። «የምንፈልገው ነገር አለ ወይ? ካለስ፣ ከተሠራበት ነገር ይልቅ አርጅቷል ወይ?» ከሌለ ይሠራዋል፤ ካረጀ ያድሰዋል፤ ካልሆነ አይነካውም። ለማወቅ የሚመለከተውም በየፋይሉ ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ለውጥ ሰዓት ነው። ሃምሳ ዓመት ገደማ አልፎም ዛሬ ብዙ ሶፍትዌር በሜክ ወይም ከእሱ በተወለዱ መሣሪያዎች ይገነባል።

*

«አለ ወይ?» የምትለው ጥያቄ ግን የዋህ ትመስላለች እንጂ አደገኛ ናት። ምክንያቱም በጥያቄውና በድርጊቱ መካከል ጊዜ አለ። «ቤቶች!» ብለህ «ግባ» የተባልህበት ቤት፣ እግርህን እስክታነሣ ድረስ ሌላ ሰው ሊገባበት ይችላል።

ለዚህ የታወቀ ታሪካዊ ምስክር አለ። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው የዩኒክስ ሰባተኛ እትም ማኅደር ማበጀት ለማሽኑ አንድ ድርጊት አልነበረም። «ኤምኬዲር» የተባለው ትእዛዝ በዋናው አስተዳዳሪ ሥልጣን እየሠራ፣ መጀመሪያ ማኅደሩን ያበጃል፤ ቀጥሎ ባለቤትነቱን ለጠያቂው ያስተላልፋል። በሁለቱ መካከል የዓይን ጥቅሻ የምታህል ክፍተት ነበረች። ተንኮለኛ ሰው በዚያች ቅጽበት አዲሱን ማኅደር አንሥቶ በቦታው የተጠቃሚዎችን የይለፍ ቃል መዝገብ ቢያገናኝ፣ ትእዛዙ የመዝገቡን ባለቤትነት ለእሱ ያወርሰው ነበር። ፈውሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1983 በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ በወጣው ቢኤስዲ 4.2 ነው፤ ማኅደር ማበጀት በማሽኑ ልብ ውስጥ ለሁለት የማይከፈል አንድ ድርጊት ሆነ።

ይህ ነገር ያለ ተንኮልም ይደርሳል። ዛሬ ማሽኖች ሥራን የሚሠሩት እንደ ወንፈል ብዙ ሆነው በአንድ ጊዜ ነው። ሁለት ሠራተኞች «ዘንገና የሚል ማኅደር አለ ወይ?» ብለው በአንድ ቅጽበት ይጠይቃሉ። ለሁለቱም «የለም» ይባላሉ። ሁለቱም ሊያበጁ ይሮጣሉ። የቀደመው ያበጃል፤ የዘገየው «አስቀድሞ አለ» ተብሎ ይወድቃል፤ ከእሱ ጋርም ግንባታው ሁሉ ይቆማል። ይህ ስሕተት አንድ ቀን ታይቶ ሌላ ቀን ስለሚሰወር ባለሙያን ያማርራል።

ስለዚህ ጥበበኞቹ ሌላ መንገድ አበጁ። ጠይቀህ አትሥራ፤ ሥራና መልሱን ስማ። «ኤምኬዲር» የሚለው ትእዛዝ «ፒ» የምትባል ምልክት ብትጨመርለት፣ የጎደሉትን ወላጅ ማኅደሮች ሁሉ ከላይ ወደ ታች ያበጃል፤ ያለውን ሲያገኝ ደግሞ ዝም ብሎ ያልፋል። አዊ ከሌለ አዊን፣ ባንጃ ከሌለ ባንጃን፣ ከዚያ ዘንገናን። ካለ ግን አይጨቃጨቅም። ይህች ዝምታ በብዙ ስፍራ በረከት ናት፤ ወደ ኋላ እንደምናየው ግን መዘዝም አላት።

ማኅደር ሌላም ጠባይ አለው። ፋይል በተጨመረበት ወይም በተቀነሰበት ቁጥር የራሱ ሰዓት ይለወጣል። ሜክ ደግሞ ሰዓት ቆጣሪ ነው። ስለዚህ ማኅደሩ ተለወጠ ብሎ ያለቀውን ሥራ ሁሉ እንደ ገና ይጀምራል፤ ሥራው ራሱ ማኅደሩን ስለሚለውጠውም ነገሩ ማለቂያ ያጣል። ጎተራው እህል በገባበት ቁጥር «ጎተራው ተለውጧልና እንደ ገና እንውቃ» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የግኑ ሜክ 3.80 እትም ለዚህ መላ አመጣ። በትእዛዙ ውስጥ አንዲት የቁም ሰረዝ ትደረግና፣ ከእሷ በስተቀኝ የተጻፈው ነገር «መቅደሙን እንጂ ዕድሜውን አልጠይቅም» ማለት ይሆናል። ጎተራው መቆሙ ይበቃል፤ መቼ እንደ ተነካ አይጠየቅም።

*

ሁለተኛዋ ጥያቄ «የትኛው ይቀድማል?» ናት። ብዙ ሰው በማኅደር ውስጥ ያሉ ስሞች በተፈጥሯቸው በፊደል ተራ የተቀመጡ ይመስለዋል። አይደለም። ዲስኩ ስሞቹን ለራሱ እንደ ተመቸው ያኖራቸዋል፤ በተራ ደርድሮ የሚያሳየን የምንጠቀምበት መሣሪያ ነው። የግኑ ሜክ ታሪክ ይህን ያሳያል። እስከ 3.81 እትም ድረስ ሜክ የፋይሎችን ስም ደርድሮ ይሰጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው 3.82 መደርደሩን ተወ፤ በ2020 በወጣው 4.3 መልሶ ጀመረ። በመካከሉ በነበሩት ዐሥር ዓመታት ያንኑ ስክሪፕት በሁለት ማሽኖች ያስኬደ ሰው ሁለት ዓይነት ተራ ሊያገኝ ይችል ነበር።

ይህ ለምን ያሳስባል? ከአንድ ምንጭ የተሠሩ ሁለት ቅጂዎች ፍጹም አንድ ካልሆኑ፣ በመካከል የተጨመረ ባዕድ ነገር እንደሌለ ማረጋገጥ ያስቸግራልና ነው። የዴቢያን ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ «ማንም ቢገነባው አንድ የሚሆን ሶፍትዌር» የሚል ዘመቻ ሲይዝ፣ ካገኛቸው የልዩነት ምክንያቶች አንዱ ይኸው የስሞች ተራ ነበር። ጸሐፊዎቻችን ቅጂን ከእናቱ ጋር እያመሳከሩ ያርሙ እንደ ነበረ ሁሉ፣ እነዚህም ቅጂን ከቅጂ ያመሳክራሉ።

በእኛ ዘንድስ ተራ ማለት ምንድን ነው? እኛ እኮ ሁለት ተራ ያለን ሕዝብ ነን። «ሀለሐመ» እና «አበገደ»። ሀለሐመን አንዳንዶች የቅርብ ዘመን ልማድ ያደርጉታል፤ ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1933 በቤትሳሚስ የተገኘ፣ ዕድሜው ከ3,000 ዓመት በላይ የሆነ የሸክላ ጽላት የደቡብ ሴማውያንን የሀለሐመ ተራ የያዘ መሆኑን ሉንዲን የተባለ ተመራማሪ በ1987 ለይቶታል። አበገደን ደግሞ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ፣ ደስታ ተክለ ወልድም በ1962 ዓ.ም. በታተመው ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት ተከትለውታል።

ልዩነቱን በአገራችን ስም እንየው። የሰባት ቤት አገው ቤቶች አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ክዋኩራ፣ መተከልና ዚገም ናቸው። ሰባት ማኅደር አብጅተን በሀለሐመ ብንደረድራቸው መተከል ይመራል፤ ባንጃ፣ አንከሻ፣ አዘና፣ ክዋኩራ፣ ዚገም ይከተላሉ፤ ጫራ ይደመድማል። በአበገደ ከሆነ አዘና ይመራል፤ አንከሻ ይከተለዋል፤ የቀደመው መተከል ወደ ኋላ ይሸሻል። በላቲን ፊደል ከተጻፉ ደግሞ አንከሻ ፊት ሲሆን ዚገም መጨረሻ ይሆናል። ስሞቹ አልተለወጡም፤ ጠያቂው ተለወጠ እንጂ።

ማሽኑ ከሁለቱ የመረጠው ሀለሐመን ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደላት መዝገብ ገባ፤ የገባውም በሀለሐመ ተራ ቁጥር እየተሰጠው ነው። ለአገው ቋንቋዎች የአፍንጫ ድምፅ የሚያገለግለው የጘ ረድፍም ከገ ቀጥሎ ቦታውን አገኘ። ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1992 ያበጁት ዩቲኤፍ-8 የተባለው የአጻጻፍ ዘዴ ይህን የቁጥር ተራ ስለሚጠብቅ፣ ግዕዝን ከቶ የማያውቅ ማሽን እንኳ ስሞቻችንን በሀለሐመ ይደረድራቸዋል። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራሞች እያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ዐሥራ ሦስቱን ወራት በተለመደው አኃዝ 1፣ 2፣ 3 እያልን ማኅደር ብናበጅላቸው፣ ስምን ፊደል በፊደል የሚደረድር ማሽን 1፣ 10፣ 11፣ 12፣ 13፣ 2 እያለ ያስቀምጣቸዋል፤ ከመስከረም ቀጥሎ ሰኔ፣ ከጳጉሜን ቀጥሎ ጥቅምት ይሆናል። ስለዚህ ባለሙያዎች 01፣ 02 እያሉ ዜሮ ያስቀድማሉ። በግዕዝ አኃዝ ግን ይህ ችግር የለም። ለዐሥር የራሱ ምልክት ፲፣ ለሃያ ፳ ስላለው፣ ከ፩ እስከ ፻፺፱ ድረስ ያለ ምንም ዜሮ በትክክል ይደረደራል። ተራው የሚፈርሰው 200 ላይ ሲደርስ ነው፤ ፪፻ በ፪ እና በ፫ መካከል ይገባል። መቶ ሃምሳውን የዳዊት መዝሙር በግዕዝ አኃዝ ቢያስቀምጡ ግን አንዱም ከተራው አይወጣም።

*

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ደረስን። በእኛ ጽሕፈት «አለ ወይ?» እና «የትኛው ይቀድማል?» የሚሉት ጥያቄዎች አንድ ላይ የሚሰናከሉበት ስፍራ አለ፤ እርሱም ሞክሼ ፊደላት ናቸው።

ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሠና ሰ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ በአማርኛ አፍ አንድ ሆነዋል። ለማሽኑ ግን እንደ መና እንደ ረ የተለያዩ ናቸው። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም እናስብ። የመጀመሪያው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል። ሥ ወይም ስ፤ ሴ ወይም ሤ። 6 በ2፣ እንደ ገና በ2 ሲባዛ 24 ይሆናል። አንድ ስም በ24 ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፤ ሰው ሁሉንም አንድ ብሎ ያነባቸዋል፤ ማሽን 24 ሰዎች ያያል። ባንክ ቤት ተቀምጦ የሰው ስም ሲጽፍ የሚውል ሰው ይህን ነገር አይስተውም። ወራቱንም እንይ። «ኅዳር» ብሎ የጻፈ ሰው ወሩን ከታኅሣሥ ቀጥሎ በመሐል ያገኘዋል፤ «ህዳር» ብሎ የጻፈ ግን ከሐምሌም በፊት በዝርዝሩ ራስ ላይ ያገኘዋል። ቦታውም ህልውናውም በአንዲት ፊደል ላይ ተንጠልጥለዋል።

ሞክሼ ባይኖርም አጻጻፍ ይለያያል። የአዊ ዞን ዋና ከተማ በአንዱ ጽሑፍ «እንጅባራ»፣ በሌላው «እንጂባራ»፣ በሦስተኛው «ኢንጅባራ» ነው። እንበልና ሁለት ሰብሳቢዎች የአገር ሽማግሌዎችን ቃል ግጥም እየቀዱ በአንድ ማሽን ያኖራሉ። አንደኛው «እንጅባራ»፣ ሁለተኛው «እንጂባራ» ይላሉ። የመጽሐፉ ስክሪፕት «እንጅባራ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። አለ። ከውስጡ ያለውን ግጥም ሁሉ ሰብስቦ፣ ደርድሮ፣ መጽሐፍ አድርጎ ያወጣል። የሁለተኛው ሰብሳቢ ድካም በጎረቤት ማኅደር እንደ ተቀመጠ ይቀራል። ማሽኑ አልተሳሳተም፤ ስለዚህ አያስጠነቅቅም። ያ «ካለ እለፍ፣ ከሌለ አብጅ» የሚለው በረከተኛ ዝምታ እዚህ ላይ ወደ መርሳት ይለወጣል። ሽማግሌው በሕይወት ከሌሉ ደግሞ ያ ግጥም በምድር ላይ ያለው በዚያ ማኅደር ውስጥ ብቻ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲህ ሞክሼዎቹን እናስወግድ» የሚል አይጠፋም። ፊደል ይቀነስ የሚለው ክርክር ከእኛ የቆየ ነው፤ አሁን ደግሞ ኮምፒዩተር አዲስ ምክንያት ሰጥቶታል። እኔ ግን መድኃኒቱ ከበሽታው ይከፋል ባይ ነኝ። በግዕዝ «ሠረቀ» ማለት ወጣ፣ ብርሃኑን አሳየ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» ግን ሰረቀ ነው። ፀሐይ የምትወጣበትንና ሌባ የሚገባበትን ቃል በአንድ ማኅደር የሚጨምር ስክሪፕት ምን ዓይነት ቅኔ ያስቀርልናል? ሥዕል የሚሥለው «ሠዐለ» እና የሚለምነው «ሰአለ» የተለያዩት በፊደላቸው ነው። ሰምና ወርቅን በፊደል ለሚለይ ሕዝብ ፊደልን መቀነስ ማኅደር ማቃጠል ነው።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ሁለት ስም መስጠት ነው። አንዱ ባለቤቱ እንደ ወደደ የጻፈው፣ ማንም የማይነካው ስም ነው። ሁለተኛው ማሽኑ ለራሱ ፍለጋ ብቻ የሚያበጀው፣ ሞክሼዎችን ወደ አንድ የሚያመጣ መፈለጊያ ስም ነው። ስክሪፕቱ አዲስ ማኅደር ከማበጀቱ በፊት በመፈለጊያው ስም ይጠይቅ፤ ተመሳሳይ ካገኘ ዝም ብሎ አይለፍ፣ ዝም ብሎም አያብጅ፤ «እንጅባራ የሚል አለ፤ አንተ እንጂባራ ብለሃል፤ አንድ ናቸው ወይ?» ብሎ ሰውን ይጠይቅ። ተራውንም በግልጽ ይናገር፤ ሀለሐመ ይሁን አበገደ፣ ዲስኩ እንደ ሰጠው ብቻ አይተወው። ይህን ማድረግ ለባለሙያ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ቅርሳችን ከብራና ወደ ኮምፒዩተር እየተሸጋገረ ባለበት በዚህ ዘመን፣ ለወደፊት ልጆች የሚተርፈው የተጻፈው ሁሉ አይደለም፤ ተፈልጎ የሚገኘው ነው። በቆዳ ማኅደር ውስጥ ያለ መጽሐፍ ቢያንስ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ለዓይን ይታያል። በማሽን ማኅደር ውስጥ ያለ ግን ስሙን አስተካክሎ ለጠራው ብቻ ይመልሳል። ስለዚህ «ቤቶች!» ብሎ የሚጣራውን ማሽን ስማችንን ሁሉ እናስተምረው፤ በ24 ዓይነት ቢጠራም «አለሁ» የሚል ቤት ይኑረን።

ቸር ይግጠመን።